የወሊድ መዝገብን ከስነ ሕዝብ ክትትል መረጃ ጋር ማጣመር፦ የልጅነት መነሻ በኋለኛ ጤና ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለማጥናት

"ሲወለድ ክብደቱ ያነሰ ልጅ ካደገ በኋላ ጤናው ምን ይመስላል?" የሚል ፕሮፖዛል መጻፍ ቀላል ነው። ሥራው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወር ላይ ይቆማል። የሚያቆመው ስታቲስቲክስ አይደለም። በማዋለጃ መዝገብ ላይ "ወ/ሮ ወ/ማርያም ገ/ሥላሴ" ተብላ የተጻፈችውና በክትትል ጣቢያው መረጃ "ወለተማርያም ገብረስላሴ" ተብላ የገባችው እናት አንድ ሴት መሆኗን ኮምፒውተሩ አያውቅም። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ተጽፏል።

ይህ መመሪያ የጤና ጣቢያና የሆስፒታል የማዋለጃ መዝገብን በዩኒቨርሲቲዎች ከሚመሩት የጤናና የስነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያዎች (በተወሰኑ ቀበሌዎች ቤት ለቤት በዙር እየሄዱ ልደት፣ ሞትና ዝውውር የሚመዘግቡ) መረጃ ጋር ለሚያጣምሩ ነው። ቡታጅራ፣ ዳባት፣ ግልገል ጊቤ፣ ቀርሳ፣ አርባ ምንጭና ክልተ አውላዕሎ ላይ ለሚሠራ ሁሉ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ደረጃ አትዝለሉ፤ በተለይ 4ኛውንና 5ኛውን።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ከመረጃው ዕድሜ ጋር አመጣጥኑ

መጀመሪያ የጣቢያውን የመነሻ ዓመት ያዙ። ዳባት እ.ኤ.አ. በ1996፣ ግልገል ጊቤ በ2005፣ ቀርሳ በ2007 ነው የጀመሩት። ቀርሳ ክትትል ውስጥ የተወለደ ትልቁ ልጅ በ2018 ዓ.ም. ገና 20 ዓመት አልሞላውም። ስለዚህ እዚያ የአርባ ዓመት ሰው የደም ግፊት አይጠናም፤ የትምህርት ቤት ዕድሜ ቁመት፣ የአፍላ ወጣት የደም ግፊት ወይም ከአምስት ዓመት በታች ሞት ግን ይጠናል። በጎልማሳነት የሚታይ ውጤት ከፈለጋችሁ ረጅም ዕድሜ ያለው ቡታጅራ ነው። ጣቢያውን ከመምረጣችሁ በፊት ግን የዳታ ማናጀሩን "ያልተካሄዱ ወይም የተቋረጡ ዙሮች የትኞቹ ናቸው?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የአንድ ዓመት ክፍተት የዚያን ዓመት ልደቶች ሁሉ ያጠራጥራል።

ሁለተኛ፣ የምትፈልጉት መረጃ በሰው ደረጃ መኖሩን አረጋግጡ። የጤና ተቋማት ሪፖርት በሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው ሥርዓት ላይ ያለው የወር ድምር ነው። "በዚህ ወር 43 ልደት" የሚል ቁጥር ከማንም ሰው ጋር አይጣመርም። እዚያ መረጃ አለ ብሎ ፈቃድ ሲያሳድድ ሦስት ወር የሚያባክን ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። የምትፈልጉት የወረቀት መዝገቡን ወይም የታካሚ ካርዱን ነው።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ እንዴት እየተንጠባጠበ እንደሚያልቅ ቀድማችሁ አስሉ። በአገር አቀፍ የስነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የተካሄደ ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ገደማ፣ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ነበር። ለስሌት ያህል በጣቢያው 4,000 ልደት አለ እንበል። ግማሹ ተቋም ውስጥ ከሆነ 2,000 ይቀራል። ክብደት የተጻፈለት ከመቶ 90 ከሆነ 1,800፣ ከዚያ ውስጥ ከመቶ 75 ቢጣመር 1,350፣ በ10 ዓመቱ አካባቢውን ያልለቀቀው ከመቶ 70 ከሆነ 945 ይቀራችኋል። 945 ለናሙና ስሌታችሁ ካልበቃ አሁኑኑ ጥያቄውን ቀይሩ።

ደረጃ 2፦ ፈቃድና የሥራ ክፍፍል

የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚያየው ፕሮፖዛል ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ ከየትኛው መዝገብ የትኞቹ ዓምዶች እንደሚወሰዱ፣ ስም ያለበትን ፋይል ማን እንደሚይዘውና መቼ እንደሚጠፋ። የክትትል ጣቢያው ከቤተሰቦቹ የወሰደው ስምምነት የጤና ተቋም መዝገብን ላይሸፍን ይችላል። ለቆየ መዝገብ ከስምምነት ነጻ መሆን ከፈለጋችሁ ለብቻው ጠይቁ፤ ዝም ብላችሁ እንደተፈቀደ አትቁጠሩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ፤ የጤና መረጃ በአዋጁ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ነው።

የድጋፍ ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ክልል ጤና ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ዞን፣ ወረዳና ጤና ጣቢያ ይወርዳል። አንዱን እርከን ዘላችሁ ጤና ጣቢያ ብትሄዱ ኃላፊው ይመልሳችኋል፤ ልክም ነው።

ሥራውን ለሁለት ክፈሉ። አንደኛው ወገን ስም፣ ቀበሌ፣ ቀንና የካርድ ቁጥር ብቻ ይዞ ያጣምራል፤ ክብደትም በሽታም አያይም። ሁለተኛው ወገን ስም የሌለበትን ፋይል ከጥምር ቁጥሩ ጋር ተቀብሎ ይተነትናል። የሚያጣምረው ሰው ውጤቱን ካየ ሳያስበው ወደሚፈልገው ጥንድ ያደላል፤ ክፍፍሉ ለምስጢር ብቻ አይደለም።

ደረጃ 3፦ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር አስገቡ

ለእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ የሚገቡት የተቋሙ ኮድ፣ የመዝገቡ ቅጽ፣ የገጽ ቁጥርና የመስመር ቁጥር ናቸው። እነዚህ አራቱ ከሌሉ ከስድስት ወር በኋላ ጥርጣሬ ሲነሳ ወደ ወረቀቱ የምትመለሱበት መንገድ የለም።

ቀጥሎ የካርድ ቁጥር፣ የእናት ስም፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ የወሊድ ቀን፣ ሰዓት፣ የልጁ ጾታ፣ ክብደት በግራም፣ በሕይወት ወይም ሞቶ የተወለደ፣ ነጠላ ወይም መንታ ይግባ። መንታ ሁለት መስመር ነው፤ "1ኛ" እና "2ኛ" የሚል ዓምድ ይኑረው።

ለጸሐፊዎቹ የምትሰጡት ትእዛዝ አንድ ነው፦ እንዳየኸው ጻፍ፣ አታርም። "ፋጡማ" ብሎ የጻፈውን "ፋጢማ" ብሎ የሚያስተካክል ጸሐፊ ያጠፋውን ማስረጃ ማንም አይመልሰውም። ማረም ደረጃ 4 ላይ፣ በሌላ ዓምድ ይሠራል።

የካርድ ቁጥር ቢመሳሰል አትደሰቱ። እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ የአንዱ ጤና ጣቢያ 01234 ከሌላው 01234 ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ካርድ የጠፋባት እናት ደግሞ በዚያው ተቋም ሁለተኛ ቁጥር ትይዛለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀንን በአንድ የኤክሴል ሕዋስ ውስጥ አትጻፉ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ በሦስት ዓምድ ክፈሉት። ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ጥቅምት 30 ቀን 2009ን "30/2/2009" ብላችሁ ብትጽፉ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ይሄ ቢያንስ ያስታውቃል። ጳጉሜ 5ን "5/13/2009" ስትሉ ግን ወር ቀድሞ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ ሜይ 13 ቀን 2009 አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ቀይ መስመርም ማስጠንቀቂያም የለም። የካቲት 5 "5/6/2009" ሲባል ሜይ 6 ይሆናል። ፋይሉ አንዴ ከተቀመጠ የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል።

ክብደት ያልተጻፈበትን ባዶ ተዉት፤ 0 አታስገቡ። "3.2" የሚልን በሌላ ዓምድ 3200 ብላችሁ ቀይሩ፤ "32" የሚል ካጋጠማችሁ ግን አትገምቱ፣ ምልክት አድርጋችሁ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። ከጠቅላላው ከመቶ 10ሩን መስመር ሁለት ሰው ለየብቻ አስገብቶ ይመሳከር። በማንኛውም ዓምድ ልዩነቱ ከመቶ 1 በላይ ከሆነ ያንን ዓምድ ሙሉውን ደግሙ።

ደረጃ 4፦ ስምን አጽዱ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከጠቅላላው ሥራ አንድ ሦስተኛውን ብትሰጡት አይበዛበትም።

4.1 *ማዕረግን አንሱ።* ወ/ሮ፣ ወ/ት፣ አቶ፣ ሲ/ር፣ መ/ር፣ ቄስ፣ ሼህ፣ ሐጂ። ይህ ከምሕጻረ ቃል ፍቺ በፊት ይሠራ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ፕሮግራም "ወ/ሮ አልማዝ"ን "ወልደሮ አልማዝ" አድርጎ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ አልማዝን ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው።

4.2 *ምሕጻረ ቃልን ፍቱ።* ገ/ ገብረ፣ ኃ/ ኃይለ፣ ኪ/ ኪዳነ፣ ተ/ አብዛኛውን ጊዜ ተክለ። ወ/ ግን በቦታው ይወሰናል፦ የሴቷ የራሷ ስም ላይ ወለተ፣ የአባትና የአያት ስም ላይ ወልደ ነው። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ሁለቱንም ፍቺ በሁለት ዓምድ ያዙ፤ የሚበልጥ ነጥብ ያገኘው ይወሰዳል።

4.3 *ክፍተትና ምልክት አጥፉ።* "ገብረ ማርያም"፣ "ገብረ፡ማርያም" እና "ገብረማርያም" አንድ ይሁኑ። የአባት ስም የሚጀምርበትን ግን ከመግጠማችሁ በፊት ለዩ፤ "ገብረ ማርያም ደስታ" የሚለው ገብረ የተባለ የማርያም ልጅ አይደለም።

4.4 *ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጉ።* ሐ፣ ኀ → ሀ፤ ሠ → ሰ፤ ዐ → አ፤ ፀ → ጸ፤ በየዘራቸው ሁሉ። የሀ እና የአ ግዕዝና ራብዕ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ። ጐ፣ ቈ፣ ኰ ደግሞ ወደ ጎ፣ ቆ፣ ኮ ይግቡ።

4.5 *ፊደሉን ለተነባቢና ለአናባቢ ክፈሉት።* ጃሮ ዊንክለርን የመሰሉ የስም ማወዳደሪያ ቀመሮች ለላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው፤ አንድ አናባቢ ሲለያይ ከብዙ ፊደል አንዱ ብቻ የተለያየ ይመስላቸዋል። በእኛ ፊደል ግን ሙሀመድ፣ መሀመድ፣ ሞሀመድ የሚሉት ከአራት ፊደል አንድ ሙሉ ፊደል ይለያያሉ፤ ቀመሩ ከመጠን በላይ ይቀጣቸዋል። መፍትሔው ቀላል ሒሳብ ነው፦ የፊደሉን የዩኒኮድ ቁጥር (ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቅበትን ቁጥር) ውሰዱ፣ 4608 ቀንሱ፣ ለ8 አካፍሉ። ድርሻው የፊደሉን ዘር፣ ቀሪው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይነግራችኋል። መ 4632 ነው፤ 24 ለ8 ሲካፈል 3 ቀሪ 0። ሙ 4633 ነው፤ 3 ቀሪ 1። ሞ 4638 ነው፤ 3 ቀሪ 6። ስሙን በዚህ ከበተናችሁ በኋላ አወዳድሩ፤ ልዩነቱ ከስምንት አንድ ይሆናል። ቋ፣ ኋ፣ ኳ፣ ጓ ግን በዩኒኮድ የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው በእጅ ወደ ቀ፣ ሀ፣ ከ፣ ገ ዘር አስገቧቸው፤ ሏ፣ ሟ እና የመሳሰሉት ከዘራቸው ጋር ስለሚሄዱ ችግር የላቸውም።

4.6 *ቁቤ ያለበት አካባቢ።* ግልገል ጊቤና ቀርሳ ላይ አንዱ መዝገብ በቁቤ፣ ሌላው በግዕዝ ፊደል ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ወደ ተነባቢ ቅደም ተከተል ብቻ አውርዱ። ቁቤ ላይ የተደጋገመ ፊደል ጥብቀትን ያሳያል፤ የእኛ ጽሑፍ አያሳየውም፤ ስለዚህ ድርቡን ወደ ነጠላ መልሱ። የሁለት ፊደል ጥምር ሆነው የሚጻፉትን ቸ፣ ጸ፣ ኘ፣ ሸን ድርብ ከመቀነሳችሁ በፊት ተኩ።

4.7 *የስም ዝርዝር ያዙ።* አንዲት እናት የክርስትና ስም፣ የቤት ስምና አማቶቿ ያወጡላት ስም ሊኖራት ይችላል። ቤት ለቤት የሚሄደው መረጃ ሰብሳቢ የሰማው አማቶቿ የሚጠሯትን ነው፤ ለአዋላጇ የነገረችው ደግሞ አባቷ ያወጣላትን። የክትትል ጣቢያው ተለዋጭ ስም የሚመዘግብ ከሆነ እያንዳንዱን ስም እንደ አንድ ዕጩ አወዳድሩ።

ደረጃ 5፦ ቀንን ለውጡ

ስምንት ዓመት መደመር መቀየሪያ አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 ነው። የምትጠቀሙበትን መቀየሪያ በእነዚህ ቀኖች ፈትኑት፤ አንዱን እንኳ ከሳተ ጣሉት፦

- መስከረም 1 ቀን 2009 = ሴፕቴምበር 11 ቀን 2016
- ታኅሣሥ 29 ቀን 2009 = ጃንዋሪ 7 ቀን 2017
- ታኅሣሥ 28 ቀን 2012 = ጃንዋሪ 7 ቀን 2020
- ጳጉሜ 6 ቀን 2015 = ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023
- መስከረም 1 ቀን 2016 = ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023

ቀጥሎ ሰዓቱን ተመልከቱ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተወለደን ልጅ አንዷ አዋላጅ በገባችበት ተረኛ ቀን ትጽፈዋለች፤ ሌላዋ በነጋው። እናቲቱም "ማክሰኞ ሌሊት" ስትል ለረቡዕ አጥቢያ ማለቷ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ልዩነትን እንደ ሙሉ መመሳሰል ቁጠሩ።

የክትትል ጣቢያው የልደት ቀን ከሦስት ወይም ከስድስት ወር በኋላ ተጠይቆ የተሞላ ነው። የወሩ ቀን 1፣ 15 እና 30 ላይ የሚከማች ከሆነ ቀኑ ግምት ነው፤ ወርና ዓመት ብቻ አወዳድሩ። የበዓል ቀኖችም ያሳብቃሉ፦ 12፣ 21፣ 27 እና 29 ከሌሎቹ ከፍ ብለው ከታዩ "በሚካኤል ዕለት" የተባለው ወደ ቁጥር ተቀይሯል ማለት ነው። ይሄኛው ከ15 ይሻላል፤ እናት በዓሉን አትረሳም።

ደረጃ 6፦ በእናት በኩል አጣምሩ

አዲስ የተወለደ ልጅ ስም የለውም። የማዋለጃ መዝገብ ላይ ያለችው እናቱ ናት። ስለዚህ ልጅን ከልጅ ጋር ለማጣመር የሚሞክር በመጀመሪያው ቀን ይወድቃል። መንገዱ ይህ ነው፦ የማዋለጃ መዝገቡን ከእናቲቱ ጋር፣ ከእናቲቱ በክትትል ጣቢያው መለያ ቁጥር ወደ ልጆቿ፣ ከልጆቿ መካከል በልደት ወርና በጾታ ወደ ትክክለኛው ልጅ።

የውጭ ፕሮግራሞች የቤተሰብ ስም አለ ብለው ነው የሚነሱት። የእኛ ልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው፤ የእናቱ ሁለተኛ ስም የእሷ አባት ስም ነው። "እናትና ልጅ ሁለተኛ ስማቸው ይመሳሰል" የሚለውን መስፈርት ካላጠፋችሁት ትክክለኛውን ጥንድ ሁሉ ይጥልላችኋል። የክትባት መዝገብን ለመጨመር ካሰባችሁ ግን የልጁ ስምና የአባቱ ስም ይጠቅማሉ፤ እዚያ የምታወዳድሩት ከባልየው ስም ጋር ነው።

*ማጥበብ።* 2,000 ልደትን ከ10,000 ሴት ጋር ብታወዳድሩ 20 ሚሊዮን ጥንድ ነው። በሦስት ዙር አጥቡ፦ (ሀ) አንድ ቀበሌና አንድ የልደት ዓመት፤ (ለ) የእናት ስም የመጀመሪያ ሁለት ተነባቢዎችና የልደት ዓመት ሲደመር ሲቀነስ 1፤ (ሐ) ቀበሌን ትቶ የአባትና የአያት ስም። ሦስተኛው ዙር የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት የሄደችውን ይይዛል። በቀበሌ ብቻ ያጠበበ ጥናት በኩር ልጆችን ያጣል፤ በኩሮች ደግሞ በአማካይ ክብደታቸው ያነሰ ነው።

*ነጥብ መስጠት።* ለእያንዳንዱ ዓምድ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፦ ጥንዱ እውነተኛ ከሆነ የመመሳሰል ዕድሉ፣ ጥንዱ ሐሰተኛ ከሆነ በአጋጣሚ የመመሳሰል ዕድሉ። ሲመሳሰሉ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፤ ሲለያዩ ሁለቱንም ከመቶ ቀንሳችሁ ቀሪዎቹን አካፍሉ፤ ከዚያ የውጤቱን በመሠረት 2 ሎጋሪዝም ውሰዱ። ለመነሻ ያህል፦

- የእናት ስም፣ 90 እና 1 ከመቶ፦ ሲመሳሰል +6.5፣ ሲለያይ −3.3
- የአባቷ ስም፣ 85 እና 1 ከመቶ፦ +6.4፣ −2.7
- የልደት ወር፣ 90 እና 8 ከመቶ፦ +3.5፣ −3.2
- የልጁ ጾታ፣ 98 እና 50 ከመቶ፦ +1.0፣ −4.6

ሁሉም ከተመሳሰሉ 17.4 ነው። የአባቷ ስም ብቻ ቢለያይ 8.3፣ ጾታ ብቻ ቢለያይ 11.8። እነዚህን ቁጥሮች ግን እንደ ቅዱስ ቃል አትያዙ፤ ከራሳችሁ መረጃ አስሉ። ስፕሊንክና ፋስትሊንክ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ይህንን ይሠሩላችኋል፤ ለስም ግን ደረጃ 4 ላይ የበተናችሁትን ዓምድ ስጧቸው።

የስም ብዛትንም አስገቡ። ቀበሌው ውስጥ ከመቶ 5 ሴቶች ፋጡማ ከሆኑ የፋጡማ መመሳሰል +6.5 ሳይሆን +4.2 ብቻ ነው። ከሺህ አንዷ የምትጠራበት ስም ግን +9.8 ያወጣል።

*መቁረጫ።* ሁለት መስመር አስምሩ። ከላይኛው በላይ ያለው ይወሰዳል፤ ከታችኛው በታች ያለው ይጣላል፤ መሀል ያለውን ሁለት ሰው ለየብቻ አይቶ ይወስናል፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው። መሀል ላይ ከጠቅላላው ከመቶ 20 በላይ ከቀረ ሰው አትጨምሩ፤ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ከሌላ ተቋም ጋር ስም ሳትለዋወጡ ማጣመር ካለባችሁ ተራ ሃሽ (ስምን ወደማይነበብ ኮድ የሚቀይር ቀመር) አይሠራም፤ አንድ ፊደል ሲለወጥ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ስሙን በቁርጥራጭ የሚመሰጥርና ስለዚህ ስህተትን የሚታገሥ የብሉም ማጣሪያ ተጠቀሙ፤ ከመመስጠራችሁ በፊት ሁለቱም ተቋማት ደረጃ 4ን በአንድ ዓይነት ፕሮግራም ይሥሩ።

ወደፊት ለሚወለዱት የተሻለ መንገድ አለ። ታንዛኒያ ኪሴሳ ላይ እንደተሠራው፣ ታካሚው ጤና ጣቢያ ወረፋ ሲጠብቅ ስሙን፣ ሰፈሩንና አብሮት የሚኖረውን ሰው ጠይቆ እዚያው በክትትሉ መረጃ ውስጥ መፈለግ። እናቲቱ ራሷ ፊት ለፊት ስላለች "የቤት ስምሽስ ማነው?" ማለት ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ጥምረቱን ፈትሹ

አስቀድማችሁ የማይሆኑትን ፈልጉ፦ በአምስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ የወለደች እናት፣ ከመወለዱ በፊት የሞተ ልጅ፣ አንድ የወሊድ መስመር ለሁለት ልጅ ሲሰጥ (መንታ ካልሆነ)፣ በ9 ዓመቷ የወለደች። እነዚህ ከመቶ 1 ካለፉ የላይኛው መቁረጫችሁ ዝቅ ብሏል።

ቀጥሎ 200 ያህል ቤት በዕጣ መርጣችሁ የክትባት ካርድ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ጠይቁ። ከተጣመሩት ስንቱ ልክ እንደሆነ፣ በተቋም ወልደው ካልተጣመሩት ስንቱ እንዳመለጠ ሁለቱንም ቁጥር ሪፖርት አድርጉ። ካርድ ያስቀመጡ ቤቶች የተለዩ መሆናቸውን አብራችሁ ጻፉ።

ቀሪው አሳሳቢው ነው። ያልተጣመረ ሁሉ የስም ስህተት አይደለም። መረጃ ሰብሳቢው በስድስት ወር አንዴ ከመጣ፣ በመካከል ተወልዶ የሞተ ሕፃን በክትትሉ መረጃ ውስጥ ጨርሶ ላይኖር ይችላል፤ ስም ሳይወጣለት፣ ክርስትና ሳይነሳ የሞተን ልጅ ቤተሰቡም አያነሳውም። የማዋለጃ መዝገቡ ግን 1,700 ግራም ብሎ ጽፎታል። እናቱ ከተገኘች፣ ልጁ ግን ከሌለ፣ ያንን መስመር "አልተጣመረም" ብላችሁ አትጣሉት። "እናት ተገኝታለች፣ ልጅ አልተመዘገበም" የሚል የራሱ ምድብ ስጡት፤ የጣቢያውን የእርግዝና ምዝገባና የቨርባል አውቶፕሲ (ቤተሰብን ጠይቆ የሞት ምክንያት የሚለይበት) ፋይል አመሳክሩ። ይህንን ምድብ የጣለ ጥናት ዝቅተኛ ክብደት ያን ያህል አይገድልም የሚል ውጤት ያወጣል።

በመጨረሻ የተጣመሩትንና ያልተጣመሩትን በክብደት፣ በእናት ዕድሜ፣ በቀበሌና በወሊድ ዓመት በሠንጠረዥ አወዳድሩ። ሠንጠረዡ ጽሑፉ ውስጥ ይግባ፤ አባሪ ውስጥ አትደብቁት።

ደረጃ 8፦ ትንተና

*ክብደት።* በ100 ግራም በሚያነብ ሚዛን የተመዘነ ልጅ 2500፣ 3000 እና 3500 ላይ ይከማቻል። ዝቅተኛ ክብደት ማለት ከ2500 በታች ስለሆነ 2480 የነበረውና 2500 ተብሎ የተጻፈው ልጅ ወደ ጤናማው ጎራ ገብቷል። ስርጭቱን በግራፍ ሳሉ፤ ክምችት ካለ ክብደቱን እንደ ተከታታይ ቁጥር ተንትኑ፣ ወይም ዝቅተኛ ክብደትን አንዴ እስከ 2499፣ አንዴ 2500ን ጨምሮ አድርጋችሁ ሁለቱን ውጤት አሳዩ።

*የጊዜ መነሻ።* የአንድ ሰው ክትትል የሚጀምረው በጣቢያው ከታየበት ቀን ነው። በ4 ዓመቱ ከሌላ ወረዳ የመጣን ልጅ ከልደቱ ጀምሮ እንደተከታተላችሁት ብትቆጥሩ፣ ሊሞት የማይችልባቸውን አራት ዓመታት በነጻ ሰጣችሁት።

*የሄዱት።* ወጣት ሴቶች ለትዳር፣ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ አረብ አገር ይሄዳሉ። በሄዱበት ቀን ክትትሉ ይቁም፤ "በሕይወት አለች" ብላችሁ እስከ መጨረሻ አትቁጠሩ። ስትመለስ አዲስ መለያ ቁጥር ተሰጥቷት እንደሆነ ፈልጉ፤ አንዲት ሴት እንደ ሁለት ሰው የምትቆጠረው እዚህ ላይ ነው።

*ወንድማማቾች።* በእናት በኩል ስላጣመራችሁ የአንዲት እናት ልጆችን እርስ በርስ ማወዳደር ትችላላችሁ። የቤቱ ድህነት፣ የእናት ትምህርትና የሰፈሩ ውኃ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ይህ ንጽጽር ብዙ ነገር ያጠራል። ሁለት ልጅ በተቋም የወለዱ እናቶች ብቻ ስለሚገቡ ግን ቁጥሩ ያንሳል።

*መቁረጫን ቀይራችሁ ድገሙ።* ሙሉ ትንተናውን በጥብቁ፣ በመካከለኛውና በላላው መቁረጫ ሦስት ጊዜ አስኬዱ። ሐሰተኛ ጥንድ ውጤቱን ወደ ዜሮ ይስባል፤ መቁረጫው ሲጠብቅ ግንኙነቱ ከጎላ ይህን እያያችሁ ነው። አቅጣጫው ራሱ ከተገለበጠ ማተም አትችሉም።

ሥራው ሲቆም

*ከመቶ 40 በታች ብቻ ተጣመረ።* ቀንን ተመልከቱ፤ አንዱ ፋይል ሳይቀየር ቀርቶ ይሆናል። የልደት ዓመቱን በሁለቱም ፋይል በግራፍ አስቀምጡ፤ 7 ወይም 8 ዓመት ተንሸራቶ ይታያል።

*አንድ ጤና ጣቢያ ብቻ አልጣመር አለ።* የቀበሌ ስም ወይም ድንበር ተቀይሯል። ከወረዳው የድሮና የአዲስ ቀበሌዎችን ማዛመጃ ጠይቁ፤ ካጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጎጥ በጎጥ ትነግራችኋለች።

*አንድ ዓመት ጎድሏል።* የመዝገቡ ቅጽ ጠፍቷል፤ ብዙ ጊዜ መጋዘን ውስጥ ወይም ለግምገማ ተወስዶ ወረዳ ቀርቷል። ካልተገኘ ያንን ዓመት ከክትትሉም መረጃ አውጡ፤ በተቋም የወለዱትን እንደ ቤት ወላዶች እንዳትቆጥሯቸው።

*መንታዎቹ ተቀያየሩ።* ጾታቸው ከተለያየ በጾታ ለዩ። አንድ ጾታ ከሆኑና የክትትሉ መረጃ ማን ቀድሞ እንደተወለደ ካልያዘ፣ ክብደቱን በግምት አትስጡ። ሁለቱንም ጠብቁ፣ ለብቻ ምልክት አድርጉ፣ ከዋናው ትንተና ውጭ አድርጓቸው።